ትኩሳት የላትም ያልኩበት ጠዋት

በሕይወቴ ብዙ አልዋሸሁም። ምላሴን የጠበቀልኝ አላህ ነው፤ ምስጋና ይግባው። ዛሬ የምነግራችሁም ስለ ውሸት አይደለም። እውነት ስለተናገርኩበት አንድ ጠዋት ነው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከልቤ ግን አልወጣም።

ስሜ ሐዋ ነው። በድርቁ ዘመን ከወሎ ከባለቤቴና ከአንዲት ልጃችን ከመዲና ጋር በሰፈራ መጥተን አሶሳ አጠገብ ባለ አምባ ተቀመጥን። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ክረምት አልዘለቀም። ወባ በአራት ቀን ወሰደው። እሱ ብቻም አይደለም፤ ያን ክረምት ከአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው ይቀበር ነበር። ከዚያ ወዲህ እኛ የአምባው ሰዎች ሕመምን የምንለካው በእጃችን ሆነ። ሰው ታመመ ሲባል መጀመሪያ መዳፋችንን ግንባሩ ላይ እናሳርፋለን። ካቃጠለ ታሟል። ካላቃጠለ ተነስቶ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ቅሬያችንም ሥርዓቱን ያወጣው ከዚህ ተነስቶ ነው። ቅሬ በእኛ በወሎዎች ዘንድ ሙት የሚቀብር፣ ያዘነ የሚያጽናና፣ በሽተኛ የሚሸከም የመንደር ማኅበር ነው። ከአምባችን አሶሳ ሆስፒታል በእግር አራት ሰዓት ያስኬዳል። መኪና የሚገኘው በገበያ ቀን ነበር፤ እሱም ከተገኘ። ስለዚህ በሽተኛ በቃሬዛ ይወሰዳል፤ ወንዶቹ በየተራ ይቀባበሉታል። መጀመሪያ ላይ አንዱ ሆዴን ቆረጠኝ ባለ ቁጥር ቃሬዛ ሲወጣ እርሻው ተበደለና ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ወሰኑ። ቃሬዛ የሚወጣው ምጥ ለጠናባት፣ ለቆሰለና ትኩሳት ለያዘው ብቻ ይሁን አሉ። ክፉ ውሳኔ አልነበረም። ብዙ ሰው አትርፏል።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው ክልሉ አዲስ በተቋቋመበት ጊዜ ነው። አሶሳ ርዕሰ ከተማ ሆነች ተባለ፤ ትናንት ሱቅ የነበረ ቤት ዛሬ ቢሮ ሆኖ ይውላል። ክልሉ የቤርታው፣ የጉሙዙ፣ የሽናሻው ነው፤ እኛ ሰፋሪዎች የት እንገባለን የሚል ወሬ በየቤቱ ነበር። መዲና አስተማሪ ሆና የተቀጠረችው በዚያ መሐል ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ አጭር ሥልጠና ወሰደች። አዲሱ ክልል አስተማሪ ጎድሎት ስለነበር በእኛ አምባና በቤርታዎቹ መንደር መካከል ባለው ትምህርት ቤት መደቧት። ውኃ ስትቀዳ ከቤርታ ልጃገረዶች ጋር ያደገች ናትና ቋንቋቸውን እንደ ራሷ ትናገራለች። ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ዓረፍተ ነገር አስተካክዬ እንድጽፍ ያደረገችኝ ግን እሷ ናት። ይህን የምታነቡት በእሷ ድካም ነው።

ያን ዓመት ጥር ላይ መዲና ዝም አለች። ከትምህርት ቤት መጥታ ትተኛለች፤ ስትነሳም የተኛች አትመስልም። ምግብ ትገፋለች። አመመሽ ወይ ስላት አላመመኝም ትላለች። ግንባሯን እዳስሳለሁ፤ ደህና ነው። ደክሟት ነው ብዬ ተውኳት።

የካቲት ላይ ረመዷን ገባ። ረመዷን ሲገባ ልጄ ተነሳች። መነሳት ብቻ አይደለም። ከሰው ጋር የረመዷኑን የማታ ሶላት፣ ተራዊሕን፣ ሰግዳ ከተመለሰች በኋላ አትተኛም፤ እስከ ሱሑር፣ እስከ ሌሊቱ ምግብ ድረስ ትሰግዳለች፣ ታነባለች፣ ታለቅሳለች። ቀን ደግሞ ጾማ አስተምራ ትመጣና የሦስት ሰው ሥራ ትሠራለች። ፊቷ በርቷል። እኔ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ግንባሬን መሬት አስነክቼ ሱጁድ ወርጄ አመሰገንኩ። ያ ሁሉ ዝምታ አልፎ ልጄን በዒባዳ፣ በአምልኮ ላይ አገኘኋት አልኩ። ጎረቤቶቼም ታድለሽ አሉኝ። እንቅልፍ ማጣቷን የአላህ ስጦታ አድርጌ ቆጠርኩት። የመጀመሪያው ስህተቴ ይህ ነው፤ ከሁለተኛው ግን ይቀላል።

በሁለተኛው ሳምንት እንቅልፉ ጭራሽ ቀረ። ከሰል ይዛ ወጣችና በየቤቱ በር ላይ ፊደል መጻፍ ጀመረች። የአባወራው ስም የሚጀምርበትን ፊደል፣ በትልቁ። እኛ ቤት አባወራ የለምና በራችን ላይ የኔን "ሐ" ጻፈች። የክልሉ ባለሥልጣናት ሲመጡ ማንበብ የማይችል ቤት እንዳያገኙ ነው አለች። ያን ቀን መንደሩ ሳቀ። ጎረቤቴ ከድጃ በሯን ቆማ ስታይ ቆይታ፣ "እንግዲህ በሬ ተማረልኝ፤ የቀረሁት እኔ ነኝ" አለችና ሴቶቹን አስፈነደቀቻቸው። እኔም ሳቅሁ።

በማግስቱ የሚስቅ ጠፋ። መዲና ንግግሯ ፈጠነ። አማርኛውን ጀምራ በቤርታኛ ትቀጥላለች፣ በዐረብኛ ትጨርሳለች። ሰው ሊመልስላት አፉን ሲከፍት እሷ ሌላ ነገር ላይ ደርሳለች። ከቀትር በኋላ የቅሬው ዕቃ ቤት ሄዳ በሩን ከማጠፊያው ነቀለችው። ቃሬዛው፣ ድስቱ፣ የመቃብር መቆፈሪያው ያለበት ቤት ነው። ያን ከባድ ሳንቃ ብቻዋን በጭንቅላቷ ተሸክማ ማንጎው ሥር አቆመችውና ሰሌዳ አደረገችው። ከገበያ የሚመለሰውን ሁሉ ተቀመጥ እያለች ታስተምር ጀመር። የቅሬው ዳኛ አያ ሰይድ ነበር፤ ባለቤቴን በእጁ የቀበረ ሰው ነው። መጥቶ በሩን ሲያነሳ "አንተ ገና አልተመዘገብክም፣ ተቀመጥ" አለችው። አልተቆጣም። ወደኔ ዞሮ፣ "እቴ ሐዋ፣ ልጅሽን ያዢ" ብሎኝ በሩን ይዞ ሄደ።

በነጋታው እጇን ይዤ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። የጤና ረዳቱ ኢድሪስ የቤርታ ልጅ ነው። አማርኛ ሲናገር ሴቱንም ወንዱንም እንደ ወንድ ይጠራል፤ ለምደነዋል። ጣቷን ወግቶ ደሟን በመስታወት ላይ አደረገ። መዲና እሱ አጉሊ መነጽሩ ላይ እስኪያጎነብስ እንኳ ዝም አላለችም። ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀና አለ።

"እናቴ፣ ወባ የለም። ደሙ ንጹህ ነው።"

አልሐምዱሊላህ አልኩ። በአምባችን ከዚህ የሚበልጥ የምሥራች የለም።

እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። "ቆይ፣ አታመስግን። ልጁ ስንት ቀን አልተኛም?"

አራት ቀን አልኩት።

"ይሄ የራስ በሽታ ነው። እኔ መድኃኒቱ የለኝም። አሶሳ አንድ ነርስ መጥቷል፣ ይሄን የተማረ ነው። ነገ ጠዋት ውሰደው። ሳምንት አይደለም። ነገ።"

መዲናን ደግፌ ስወጣ ከድጃ አየችን። ከጤና ጣቢያ ተደግፎ የሚወጣ ሰው ለእኛ አንድ ትርጉም አለው። ከማፍጠሪያው ሰዓት በፊት የሐዋ ልጅ ወባ ያዛት የሚለው ወሬ መንደሩን ሞላው። ትናንት በር ስትነቅል የነበረችው ትኩሳቱ ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶ ነው ተባለ። ወንዶቹ ነገ ጠዋት ቃሬዛ እናወጣለን ብለው ላኩብኝ። ወባ ነው አላልኳቸውም። ወባ አይደለምም አላልኳቸው። አላህ ራሱ በር ከፈተልኝ ብዬ ዝም አልኩ።

ጠዋት ስምንት ወንዶች መጡ፤ ሁሉም ጾመኞች ናቸው። መዲና ቃሬዛው ላይ አልተኛም ብላ ስትታገል ቆይታ ስለምናት ተጋደመች። ዘላ እንዳትወርድ በነጠላዬ ሁለት እጆቿን ከቃሬዛው እንጨት ጋር አሰርኩ። ስቋጥር ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር።

ወጣን። የበጋው ሣር የተቃጠለበት ሰሞን ነበር፤ ከአምባው ወጥተን ወንዙ እስክንደርስ መሬቱ ጥቁር ነው። ገና በጠዋቱ ይሞቃል። ወንዶቹ ላባቸው እየወረደ ሁለት ጊዜ ተቀያየሩ። እኔ ከጎኗ እየሮጥኩ ነው። አሶሳ ካለው ሰው ዘንድ ባደርሳት ልጄን አገኛታለሁ፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ወንዙ አፋፍ ላይ አያ ሰይድ ከኋላ ደረሰብን። ቃሬዛ ወንዝ ከመሻገሩ በፊት ዳኛው በሽተኛውን ማየት አለበት፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ረጅም ስለሆነ ነው። ወንድ ከሆነ ራሱ ይዳስሳል። ሴት ከሆነች ግን የሰውን ሴት ልጅ ግንባር አይነካም፤ እናቷ ዳስሳ ትመሰክራለች።

"እቴ ሐዋ፣ ትኩሳቱ እንዴት አደረ?" አለኝ።

ሸካሚዎቹ ቆሙ። መዳፌን ግንባሯ ላይ አደረግሁ። ቀዝቃዛ ነው። የጠዋት ውኃ የነካው ይመስላል። እጄን ሳላነሳ ጥቂት ቆየሁ።

ያኔ መዲና ተናገረች። ቀንና ሌሊት እንደ ጎርፍ ስትወርድ የነበረችው ልጅ በዝግታ፣ እኔ ብቻ እንድሰማት ነው የተናገረችው።

"እማየ፣ ታምሜያለሁ በያቸው።"

ያን ሁሉ ቀን እንደኔ ጤነኛ የለም ስትል ነበር። ታምሜያለሁ ያለችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አያ ሰይድ ይጠብቃል። ስምንት ጾመኛ ይጠብቃል። እኔም ጾመኛ ነኝ። በምስክርነት ተጠይቄ፣ በረመዷን፣ ባሌን በቀበረልኝ ሰው ፊት፣ ያልዳሰስኩትን ትኩሳት እንዴት አለ እላለሁ? ትናንት ዝም ማለቴ እንኳ ሲከብደኝ ነው ያደረው።

"ትኩሳት የላትም" አልኩ። "ደሟም ንጹህ ነው ተብሏል።"

ሸካሚዎቹ ቃሬዛውን በቀስታ አወረዱት። አያ ሰይድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የነገረኝ፤ ሊያሳፍረኝ አልፈለገም።

"እውነቱን ስለነገርሽን አላህ ይውደድሽ። ጾመኛን በዚህ ሐሩር አራት ሰዓት አላስኬድም። ይሄ የቃሬዛ ሳይሆን የሼኽ ጉዳይ ነው።"

ኢድሪስ በብስክሌት ደረሰ። ቃሬዛውን መሬት ላይ ሲያይ ብስክሌቱን ጣለው። ለምን አወረዳችሁ አለ። ወባ የለም ብለሃል አሉት።

"ወባ የለም አልኩ" አለ። "በሽታ የለም አላልኩም።"

አንዱ ሸካሚ፣ አንተ ደግሞ ልምከርህ፣ መጀመሪያ ሴትና ወንድ ለይ አለው። ጥቂቶቹ ፈገግ አሉ። ኢድሪስ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ብቻውን አንስቶ ቆመ። ሌላውን ጫፍ የሚያነሳ ጠፋ። እኔም አላነሳሁም። ትንሽ ቆሞ መልሶ አስቀመጠው። መዲና አሁን ሰማዩን እያየች በቤርታኛ ትስቃለች።

ነጠላዬን ፈትቼ እጇን ይዤ ተመለስን።

የቀረውን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ብዙ ብናገር አልችለውም። ሼኹ ዘንድ ሰባት ወር ተቀመጠች። ደግ ሰው ነበሩ፤ ዱዓ አደረጉላት፣ አልመቷትም። ግን ሕመሙ ሲነሳባት እግሯ ይታሰር ነበር፤ የቁርጭምጭሚቷ ጠባሳ ዛሬም አለ። እየቆየ በረደላት፤ ወደ ቤት መለስኳት። በሚቀጥለው ዓመት ሕመሙ ተመለሰ። ከዚያም ተመለሰ። በመጣ ቁጥር ይዞት የሚሄደው ነገር አለ። መጀመሪያ ሥራዋን፣ ቀጥሎ ለጋብቻ የጠየቃትን ሰው፣ ቀጥሎ ማንበብን። ገጽ አንብባ ስትጨርስ መጀመሪያው ይጠፋብኛል ትለኛለች። ፊደል ያስጻፈችኝ ልጅ ናት።

በስምንተኛው ዓመት ጭነት መኪና ላይ አሳፍሬ አሶሳ ወሰድኳት። ማንንም አላስፈቀድኩም። ሕመሟ ስም እንዳለው የሰማሁት ያን ቀን ነው። ባይፖላር ይባላል፤ አንድ ጊዜ ከልክ በላይ ከፍ፣ አንድ ጊዜ እስከ ታች ዝቅ የሚያደርግ። መድኃኒት ተጀመረላት። መተኛት ጀመረች። ልጄ ስትተኛ ራስጌዋ ተቀምጬ አልሐምዱሊላህ ስል አነጋሁ።

መድኃኒቱ በየጊዜው ደም ማስመርመር ይፈልጋል። ባለፈው ዓመት ደም ልትሰጥ ገብታ እኔ ከዶክተሯ ጋር ተቀመጥኩ። ገና ልጅ ናት፤ ጊዜ ሰጥታ ታዳምጣለች። የወንዙን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለምን ለእሷ እንደነገርኳት አላውቅም። ስጨርስ፣ ያኔ ደሟ ንጹህ ነው ተብዬ ነበር አልኳት።

ከዚያ በቀላል ቋንቋ አስረዳችኝ፤ እንደገባኝ እጽፈዋለሁ። ሰውነት ቁስል ወይም ተውሳክ ሲያገኘው ብግነት ያስነሳል፤ ቁስል ዙሪያ የሚቀላውና የሚያብጠው ያ ነው። ሥራውን ሲጨርስ ይበርዳል። በአንዳንድ ሰዎች ግን ያለ ቁስል፣ ውስጥ ለውስጥ ሳይበርድ ይቆያል። ደግሞ ሰውነት ምግብን ጉልበት ሲያደርግ የሚተርፍ ጎጂ ነገር አለ፤ ጤነኛ ሰውነት ይጠርገዋል። መጥረጉ ሲያቅተው ብረት እንደሚዝግ ሁሉ የአንጎልንም ክፍሎች ይጎዳል። የመዲና ዓይነት ሕመም ገና ሲጀምር፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ የእነዚህ ነገሮች ምልክት በአንዳንድ ሕመምተኞች ደም ውስጥ ይታያል አለችኝ።

"በሁሉም ላይ አይደለም፣ እማማ" አለች። "የሕመሙ ምክንያት ይሁን ውጤቱ ገና በደንብ አልታወቀም። በዚህ ለይቶ የሚያሳውቅ ምርመራ ዛሬም የለንም። ያኔ የመዲና ደም ውስጥ ነበረ ብዬ ልምልልዎት አልችልም።"

"በእጅ ይታወቅ ነበር?" አልኳት።

"አይታወቅም። በቴርሞሜትርም አይታወቅም። እርስዎ የተናገሩት እውነት ነበር።"

ያን ቀን ብትደርስስ ኖሮ አልኩ። ልትዋሸኝ ትችል ነበር፤ አልዋሸችኝም። ቶሎ መታከም ይረዳ ነበር አለች። ምን ያህል እንደሆነ ማንም አያውቅም አለች። ከዚያ እጄን ያዘች።

እናንተ ይህን የምታነቡ እናቶችና አባቶች፣ ዋሹ አልላችሁም። እኔ ዛሬም ውሸትን እፈራለሁ። ግን እጃችሁ የሚያውቀው ጥቂት ነገር ነው። የኔ እጅ አንድ በሽታ ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ ባሌን የገደለውን። ሌላው ሁሉ ጤና መሰለኝ። አያ ሰይድ የጠየቀኝ ስለ ትኩሳት ነበር፤ ለእሱ ስመልስ የልጄን ቃል ረገጥኩት። ትኩሳት የላትም ካልኩ በኋላ "ግን ታማለች" ብል እሱም እውነት ነበር። ሁለት ቃል ነው። ጾሜንም አያፈርስብኝም ነበር። ልጃችሁ አመመኝ ሲላችሁ ግንባሩ ቢበርድም እመኑት። እንቅልፍ ሲያጣም፣ በጸሎት ቢሆንም እንኳ፣ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

አያ ሰይድ ሞቷል፤ አላህ ይማረው። አልቀየምኩትም። ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት በቅሬው ስብሰባ መካከል ሴቶች ከሚቀመጡበት ተነስቼ፣ የወንዙን ሳላነሳ፣ የልጄን ሕመም ተናገርኩ። ብዙ አልተናገርኩም። ሥርዓቱ ተለወጠ። አሁን በባጃጅ ነው በሽተኛ የሚወሰደው፤ ትኩሳት አለው ወይ ብሎ የሚጠይቅም የለም። ኢድሪስ ጡረታ ወጥቷል። በዒድ ቀን ማር እልክለታለሁ። ለምን እንደምልክለት ጠይቆኝ አያውቅም።

ዶክተሯን ባነጋገርኩበት ቀን ከሆስፒታል ስንመለስ መዲና ባጃጁ ውስጥ ትከሻዬን ተደግፋ ነበር። ጸጉሯ ሸብቷል። መድኃኒቱ እጇን ስለሚያንቀጠቅጣት ጣቶቿን በጉልበቶቿ መካከል ትይዛቸዋለች። ያን ጠዋት አታስታውሰውም እያልኩ ነበር ይህን ሁሉ ዓመት የተጽናናሁት። ወንዙ ላይ ስንደርስ፣ አሁን ድልድይ ተሠርቶበታል፣ ባለ ባጃጁ ዝግ አለ።

"እዚህ ጋ ነው ያወረዱኝ" አለች።

ዶክተሯ ያለችኝን ልነግራት አሰብኩ፤ ስለ ደሙም፣ ስለ ብግነቱም። አልወጣልኝም። እሷ እጄን ፈልጋ አነሳችና ግንባሯ ላይ አደረገችው። ቀዝቃዛ ነበር፤ እንደዚያን ቀን።

"ታመሽ ነበር፣ ልጄ" አልኳት።

ዓይኖቿን ከደነች። እጄን አላነሳሁም። ቤታችን እስክንደርስ እንደዚያው ሄድን።